ትእዛዝ ከችሎት ሲወጣ፦ የብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ

በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት አመራር ለሁለት በተሰነጠቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያስችሉ በነበሩት በዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ፊት ቀረበ። ዳኛዋ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። መዝገቡን አይተው ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ከችሎቱ ወጥተው ብዙም ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው።

በዚያው ሰሞን የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 236/1993፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በአዋጅ ቁጥር 239/1993 ተሻሻለ። ማሻሻያው በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በዋስ እንዳይወጣ ከለከለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 ዋስትናን መብት አድርጎ፣ ፍርድ ቤት የሚከለክለው በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ብቻ ነው ይላል። አዲሱ አዋጅ ግን ለአንድ የወንጀል ዓይነት በሩን በጅምላ ዘጋው። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የብርቱካንን ታሪክ የሚተርክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቃሊቲ እስር ቤት ይጀምራል። ከዚህ የዋስትና ትእዛዝ መጀመሩ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ያለው የአደባባይ ሕይወታቸው ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ሲመላለስ ይታያል። ሕግ ሥልጣን የሰጠው አካል የወሰነውን ጉልበት ያለው ሌላ አካል ካልወደደው ውሳኔው ይፈጸማል ወይ? ብርቱካን ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በዳኛ ወንበር፣ ከዚያ በተከሳሽ ሳጥን፣ ከዚያ በፓርቲ ሊቀመንበርነት፣ በመጨረሻም በምርጫ ቦርድ ሰብሳቢነት ተጋፍጠውታል። በዘመናችን ፖለቲካ በአራቱም ቦታ የቆመ ሌላ ሰው ለማስታወስ እቸገራለሁ።

ከችሎት ወደ ቅንጅት

ብርቱካን የአዲስ አበባ፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ልጅ ናቸው። ሕግ የተማሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዳኝነቱን ትተው በጥብቅና ከሠሩ በኋላ ከፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ ከዶክተር ብርሃኑ ነጋና ከሌሎች ጋር በቀስተ ደመና ንቅናቄ ወደ ፖለቲካው ገቡ። ቀስተ ደመና ከመኢአድ፣ ከኢዴአፓ-መድኅንና ከኢትዮጵያ ዲሞክራሲያዊ ሊግ ጋር ሆኖ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት የሆነውን ቅንጅትን ሲመሠርት ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ሊቀመንበር፣ ብርቱካን ምክትል ሆኑ።

የ1997ን ምርጫ አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። ግንቦት 7 በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችና ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ወሰደ። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ግን ክርክር ተነሣ። በሰኔና በቀጣዩ ጥቅምት በተደረጉት ሰልፎች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የ193 ሰላማዊ ሰዎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዘገበ። የቅንጅት መሪዎች በጥቅምት 1998 ታሰሩ።

ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመኝ አንድ ዝርዝር ግን አለ፤ ብዙ ሰው ረስቶታል። በ1997 የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢና የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አንድ ሰው ነበሩ፣ አቶ ከማል በድሪ። በምርጫ ውጤት ቅር የተሰኘ ፓርቲ ቦርዱን ከስሶ ወደ ፍርድ ቤት ልሂድ ቢል ከላይ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው። ግለሰቡን ለመውቀስ አላነሣሁትም። እንዲህ ያለ አደረጃጀት ባለበት አገር ተቃዋሚው «ወደ ሕግ ሂድ» ሲባል የሚሄድበት በር አንድ ብቻ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ሁለት ይቅርታዎች

በአገር ክህደትና ሕገ መንግሥቱን በመናድ ጭምር የተከሰሱት የቅንጅት መሪዎች አብዛኞቹ መከላከያ አናቀርብም አሉ። ሐምሌ 9 ቀን 1999 ብርቱካንን ጨምሮ በብዙዎቹ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 13፣ በይቅርታ ተፈቱ። በመካከል በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ነበሩበት፤ እስረኞቹም ፍርዱ ከመሰጠቱ በፊት ሰኔ 11 ቀን የይቅርታ ደብዳቤ ፈርመው ነበር።

ቅንጅት ከእስር በኋላ አልተጠገነም። አመራሩ ተከፋፈለ፣ ምርጫ ቦርድም የቅንጅትን ስም ለሌላ ቡድን ሰጠ። ስሙን ያጣው ወገን በሰኔ 2000 አንድነት ለዲሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን መሠረተ፤ ብርቱካንም ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። በኢትዮጵያ አንድን ትልቅ ተቃዋሚ ፓርቲ በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በዚያ ጊዜ በፓርቲ ጽሕፈት ቤቶች የሴት ቦታ «የሴቶች ጉዳይ» የሚባለው ክፍል እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ አንዲት ሴት ከኢንጂነር ኃይሉ ሻውልና ከፕሮፌሰር መስፍን ትውልድ ሰዎች መካከል ወጥታ ወንበሩን መያዟ ምን ማለት እንደነበር አይጠፋውም።

በ2001 መጀመሪያ ወራት ወደ አውሮፓ ተጉዘው ስዊድን ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ሲናገሩ፣ የተፈቱት በሽማግሌዎች አማካይነት በተደረገ ድርድር መሆኑን አብራሩ። መንግሥት ይህን «ይቅርታ አልጠየቅሁም ብላለች» ብሎ ያዘው። ሲመለሱ የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር ጠርተው በሦስት ቀን ውስጥ ቃላቸውን እንዲያስተባብሉ አስጠነቀቋቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው የይቅርታ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 395/1996 ለይቅርታ የራሱ ቦርድና የራሱ መንገድ ነበረው። ይቅርታ በማታለል የተገኘ ከሆነ ሊሠረዝ ይችል ነበር፤ ግን ሰውየው ተነግሮት መልሱ ተሰምቶ ነው። ፖሊስ በዚህ መንገድ ላይ ቀነ ገደብ ሰጪ የሚሆንበት ቦታ አልነበረም። ብርቱካን በመልሳቸው ያነሡት ዋና ነጥብም ይኸው ነበር። «ቃሌ» ብለው ባወጡት ጽሑፍ የፈረሙትን ደብዳቤ አልካዱም፤ እንዴት እንደ ተፈረመ አስረዱ፣ ፖሊስ ይህን ለመጠየቅ ያለውን ሥልጣንም ተከራከሩ። ይህ የዳኛ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው ያነበበው እንደ ድፍረት መግለጫ ነው፤ ድፍረት ነበረበትም። ለእኔ ግን ከድፍረቱ በላይ የሚታየኝ የሥነ ሥርዓት ክርክሩ ነው፤ «ማን ነህ? በየትኛው አንቀጽ?» የሚል።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2001 መንገድ ላይ ተይዘው ወደ ቃሊቲ ተወሰዱ፤ አብረዋቸው የነበሩት አዛውንቱ ፕሮፌሰር መስፍንም ተደበደቡ። ይቅርታው ተነሥቶ የዕድሜ ልክ እስራቱ ተመለሰ። ወዲያውም የረሃብ አድማ ጀመሩ። ለወራት ለብቻቸው ታሰሩ፤ መጠየቅ የተፈቀደላቸው እናታቸውና ገና ትምህርት ያልጀመረች ሴት ልጃቸው ነበሩ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለዚያ ዓመት ባወጣው የሰብዓዊ መብት ሪፖርት፣ ለብቻ መታሰራቸው ሕገ መንግሥታዊ መብታቸውን እንደሚጥስ ያመለከተ የፍርድ ቤት ውሳኔ እያለ እስከ ሰኔ ድረስ እንደቀጠለ ጽፏል። የተባበሩት መንግሥታት የዘፈቀደ እስራት ሥራ ቡድንም እስሩ የዘፈቀደ ነው አለ። አንድ ጊዜ ያዘዙት ትእዛዝ አልተፈጸመም፤ አሁን ደግሞ ለእሳቸው የተሰጠው አልተፈጸመም።

አንድነት ፓርቲ ሊቀመንበሩን እስር ቤት ትቶ ወደ ግንቦት 2002 ምርጫ ተጓዘ። በዚያ ዘመን ፓርቲውን ከተቀላቀሉት ታዋቂ ሰዎች መካከል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳና አቶ ስዬ አብርሃ ነበሩ። አዎ፣ በ1993 በዋስ እንዲወጡ ያዘዙላቸው ሰው። ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበሮች ሁለት ብቻ ሲቀራቸው ጠቅልለው ወሰዱ።

መስከረም 26 ቀን 2003 ብርቱካን እንደገና ይቅርታ ጠይቀው ተፈቱ። ይህኛው ይቅርታ ጥፋት የማመን ቃል የተጨመረበት ነበር፤ ደጋፊዎቻቸውንም ለሁለት ከፈለ። «ተንበረከከች» ያሉ ነበሩ። በሁለት እስር ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ያሳለፈች፣ ልጇ እስር ቤት በር ላይ ያደገችባት ሴት ላይ ከሳሎን ሆኖ እንዲህ መፍረድ አሁንም ያሳምመኛል። ደግሞስ በግዳጅ ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ስለ ፈራሚው ከሚነግረን ይልቅ ስለ አስፈራሚው የሚነግረን ይበልጣል።

ከዚያ ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዋሽንግተን የዲሞክራሲ ጥናት ባልደረባ ሆነው ቆዩ፣ በሃርቫርድ ኬኔዲ የአስተዳደር ትምህርት ቤትም ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ያዙ። አገር ቤት የቀረው አንድነት ፓርቲ በጥር 2007 ሌላ ምት መጣበት፤ አመራሩ ሲከፋፈል ምርጫ ቦርዱ ለአንደኛው ቡድን እውቅና ሰጠ፣ ምርጫ ሊደረግ ወራት ሲቀሩት። የብርቱካን ፖለቲካ ስሙን በቦርድ ውሳኔ ሲያጣ ይህ ሁለተኛው ነው።

ያው ቦርድ፣ አዲስ ወንበር

ጥቅምት 2011 ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኅዳር 13 ቀን ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አቅራቢነት የተወካዮች ምክር ቤት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ከእሳቸው በፊት ቦርዱን የመሩት ወ/ሮ ሳሚያ ዘካሪያ ስለነበሩ በሴትነት የመጀመሪያዋ አይደሉም። አዲሱ ነገር ሌላ ነበር፤ ቦርዱ ሁለት ጊዜ የፓርቲያቸውን ስም የወሰደባቸው ሰው ያንኑ ቦርድ ሊመሩ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሕግ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1133/2011 ቦርዱን እንደገና አቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ምርጫንና የፓርቲዎች ምዝገባን በአንድ ላይ ደነገገ። ሁለተኛው አዋጅ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 ፊርማ በመጠየቁ ብዙ ተቃዋሚዎች አጉረመረሙ፤ ቅሬታቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም። ቀጥሎ ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ መጣ። ከጥቂት ወራት በፊት በዚሁ ጥያቄ ደም ፈስሶ ነበር፤ ድምፅ አሰጣጡ ግን በሰላም አለፈ፣ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው ለክልልነት ድምፅ ሰጠ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። ቦርዱ ነሐሴ 2012 ሊደረግ የታቀደውን አገር አቀፍ ምርጫ በቀኑ ማካሄድ እንደማይችል በመጋቢት አሳወቀ። የትግራይ ክልል ምርጫውን ብቻውን አደርጋለሁ ሲል ቦርዱ ምርጫ የማስፈጸም ሥልጣን የእኔ ብቻ ነው ብሎ መለሰ። ክልሉ ጳጉሜ ላይ ምርጫውን አደረገ፣ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፣ በጥር ደግሞ ቦርዱ በኃይል ድርጊት ላይ ተሰማርቷል ብሎ የሕወሓትን ምዝገባ ሠረዘ። ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ ሕወሓት ሕጋዊ ሰውነቱ እንዲመለስለት ቢጠይቅ በግንቦት 2015 ቦርዱ አልተቀበለም፤ አዋጁ የተሠረዘን ፓርቲ መመለስ አይፈቅድም፣ እንደ አዲስ ተመዝገቡ የሚል ነበር መልሱ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግትርነት ያየዋል፤ ሰላም በስንት መከራ የመጣ ነውና። እኔ የዚያን ጊዜ ክርክር ሳይ፣ ቦርዱ ለፖለቲካ መስማማት ብሎ ያልተጻፈ ሥልጣን ለራሱ መፍጠር አልፈለገም ብዬ ነው የምረዳው። መፍትሔው በሕግ አውጪው በኩል መምጣቱም ይህን ያሳያል፤ ምክር ቤቱ በ2016 አዋጁን አሻሽሎ በልዩ ሁኔታ መመዝገብን ፈቀደ። በ1993ም ምክር ቤቱ ሕግ ቀይሮ ነበር። ልዩነቱ በ1993 ሰውየውን በዋስ ከወጡበት መልሶ የያዛቸው ፖሊስ መሆኑ፣ አሁን ግን የቦርዱ ውሳኔ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ መጽናቱ ነው።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ግን የባልደራስ ክርክር ነው። ምርጫው ለሰኔ 2013 ሲቀጠር አቶ እስክንድር ነጋን ጨምሮ የባልደራስ ለእውነተኛ ዲሞክራሲ ፓርቲ መሪዎች ክስ ተመሥርቶባቸው እስር ቤት ነበሩ። ፓርቲው በዕጩነት አቀረባቸው፤ ቦርዱ አልመዘግብም አለ። ክርክሩ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስሕተት እስከሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ደረሰ፤ ችሎቱም በግንቦት 2013 ታሳሪዎቹ በዕጩነት እንዲመዘገቡ ወሰነ። ቦርዱ መጀመሪያ የሰጠው ምላሽ አሳዛኝ ነበር፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሟል፣ ጊዜ የለም፣ ውሳኔውን ለመፈጸም እንቸገራለን አለ። የአቶ እስክንድር ስም በታተመው ወረቀት ላይ የለም፣ ምርጫው ሳምንታት ቀርተውታል፣ ሣጥንና ወረቀት ወደ ክልሎች እየተጫነ ነው። ማንኛውም አስተዳዳሪ የሚያቀርበው ምክንያት ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት ፖሊስም የራሱ ምክንያት ነበረው።

ቆይቶ ግን ቦርዱ ውሳኔውን ተቀበለ። ዕጩዎቹ ተመዘገቡ፣ በሚመለከታቸው የምርጫ ክልሎች ወረቀቱ እንደገና ታተመ። በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ብርቱካን ነበሩ፤ በ1997 በአንድ ሰው እጅ የነበሩት ሁለት ወንበሮች ተለያይተው፣ አንዱ ሌላውን አዞ፣ የታዘዘው ተንገራግሮም ቢሆን ፈጸመ። ባልደራስ ወንበር አላገኘም። አቶ እስክንድርም በእስር ሆነው ነው የተወዳደሩት፤ ያ ራሱ ስለ ምርጫው ድባብ ብዙ ይናገራል። ቢሆንም መንግሥት ያሰረው ሰው ስም በፍርድ ቤት ትእዛዝ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ሲታተም በኢትዮጵያ ከዚያ በፊት አላየንም።

በምርጫው ቀን፣ ሰኔ 14፣ የሆነውን በሁለት ዓይን ማየት ግድ ይላል። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመዝግቧል፤ ሰልፎቹ ረጅም ነበሩ፣ ወረቀት ያጠረባቸው ጣቢያዎች ነበሩ፣ በሲዳማ ድምፅ መስጠቱ ወደ ማግስቱ ተሻገረ። ብርቱካን በዚያው ቀን በአማራና በደቡብ ክልሎች የተቃዋሚ ታዛቢዎች መባረራቸውን በይፋ ተናገሩ። የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ምርጫው ገና ሳያልቅ የአስፈጻሚዎችን ጥፋት በአደባባይ ስትዘረዝር መስማት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር ነበር። በሌላው ዓይን ደግሞ ኦነግና ኦፌኮ የተባሉት የኦሮሞ ተቃዋሚ ፓርቲዎች ከውድድሩ ወጥተዋል፣ ትግራይ ጦርነት ውስጥ ነች፣ ሶማሌና ሐረሪ እስከ መስከረም 2014 ተራዝመዋል። ሐምሌ 3 በተነገረው ውጤት ብልጽግና ከ436 ወንበሮች 410 ወሰደ። ቦርዱ የተሻለ ሠርቷል፤ ፉክክሩ ግን ጠባብ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፣ ብርቱካንንም በሁለተኛው ብቻ መመዘን ልክ አይመስለኝም፤ ቦርድ ተወዳዳሪን ከእስር አያወጣም፣ ጦርነትም አያቆምም።

ሰብሳቢዋ በሰኔ 2015 በጤና ምክንያት ኃላፊነታቸውን እንደሚለቁ አሳወቁ፤ ነሐሴ 1 ቀንም ለቀቁ። በ2011 ጥቅምትና ኅዳር በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከፍተኛ የመንግሥት ወንበር ይዘው ነበር፤ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ፣ ወ/ሮ መዓዛ፣ ብርቱካን። ወ/ሮ መዓዛ በጥር 2015 ለቀዋል፣ ፕሬዚዳንቷም በ2017 መጀመሪያ ተተክተዋል። ያን ሰሞን የተነሡት ፎቶዎች ዛሬም ይዘዋወራሉ። እኔ ግን የሕግ ተማሪዎች እጅ እንዲገባ የምመኘው የባልደራስ ሰበር መዝገብ ነው፤ የቦርዱ የመጀመሪያ እምቢታ፣ የችሎቱ ትእዛዝና እንደገና የታተመው ወረቀት አብረው ተጠርዘው።